ጆሮዬ በአደባባዩ ላይ

ሰው በዓይኑ ይቀናል ይባላል። እኔ የቀናሁት ግን በጆሮዬ ነው፤ ለዚያውም በግራው።

የግራ ጆሮዬ ጫፍ ስንጥቅ ነው። ገና ድክ ድክ በምንልበት ዕድሜ የአጎቴ ልጅ ጉትቻዬን ጨብጣ ጎተተችና በጠሰችው። ቁስሉ ሲድን ሥጋው ሳይገጥም ቀረ። ይህችን የአጎቴን ልጅ ቤተሰቡ ሁሉ ድንቢጥ ነበር የሚላት፤ ከእኔ በጥቂት ወራት ታንሳለች። እናቷ እሷን ስትገላገል ስለሞተች ሁለታችንንም ያሳደገችን የእኔ እናት ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማበጠሪያ ነበረን። የእኔ ብቻ የምለው ነገር ቢኖር ያቺ የተበጠሰች ጆሮዬ ነበረች።

አባቴና አጎቴ ማስታወቂያ ሠሪዎች ነበሩ። ከመኖሪያችን ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰፋፊ በሮቹ መንገዱን የሚያዩ አንድ ረጅም ክፍል ነበራቸው። ክፍሉም ሰዎቹም አኳራጅ አኳራጅ ይሸቱ ነበር፤ ቀለም የሚያቀጥኑበትን ማለቴ ነው። አባዬ የፊደል ሰው ነው። ያለ ማስመሪያ የጻፈው መስመር ላይ ውሃ ልክ ቢያስቀምጡበት ንቅንቅ አይልም። ሰው ሣል ቢሉት ግን የሚሥለው ድንች ነው። አጎቴ ደግሞ የፊት ሰው ነው። እሱ የሣለው ሰው ካሁን አሁን አስነጠሰ ያሰኛል፤ ፊደል ሲጽፍ ግን ፊደሎቹ እንደ ሰካራሞች ተደጋግፈው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ከዚያ ክፍል የሚወጣ ሰሌዳ ሁሉ የሁለት ሰው እጅ ነበረበት።

አጎቴን ጋሼ ነበር የምለው። ጋሼ ከፎቶግራፍ አይቶ ነው የሚሥለው። የሚያመጡለት ፎቶ ከጋዜጣ የተቀደደ ስለሆነ ዓይንና አፍንጫው ደህና ሆኖ ጆሮው ጋ ሲደርስ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ጆሮ ደግሞ ከጭንቅላቱ አይመጣለትም ነበር። ስለዚህ ከመስኮቱ ሥር በርጩማ ያስቀምጥና "ባለጆሮዋ፣ ነይ እስቲ" ይለኛል። እቀመጣለሁ። ፀጉሬን በሁለት ጣቱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከዚያ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የዓለም ሰው ሁሉ ጠፍቶ እኔና ጋሼ ብቻ እንቀራለን። ድንቢጥ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን እየጠባች ታየኛለች። እሷ እያየችኝ እንደሆነ ማወቄ የበርጩማውን ምቾት እጥፍ ያደርገው ነበር።

የከተማችን አደባባይ ላይ ሁለት ቤቶች ተፋጠው ቆመው ነበር። በዚያን ጊዜ ዓለምን ለሁለት የተካፈሉ ሁለት ታላላቅ መንግሥታት ነበሩ፤ ሁለቱም እኛ ዘንድ የባህል ቤት ከፍተው ሰው ይጠሩ ነበር። አንደኛው ለልጆች ቀይ የአንገት ሻርፕ ስለሚያድል የሻርፕ ቤት እንለዋለን። ሌላኛው በበዓሉ ቀን ሰማያዊ ፊኛ ስለሚሰጥ የፊኛ ቤት ነው። ሁለቱም ነጻ ፊልም ያሳያሉ፤ ሁለቱም የየመሪያቸውን ትልቅ ሥዕል በራቸው ላይ ይሰቅላሉ። በምን እንደሚጣሉ አባዬን ጠይቄው፣ የሻርፕ ቤት ሰዎች ሁሉ ነገር የጋራ ይሁን ይላሉ፣ የፊኛ ቤቶቹ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ ይኑረው ይላሉ ብሎ አስረዳኝ። እኔ ማበጠሪያዬን እንኳ ለብቻዬ ይዤ የማላውቅ ልጅ ወዲያው የፊኛዎቹ ወገን ሆንኩ። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለቱም ቤቶች የሚያሠሩት እኛ ዘንድ ነበር። በከተማው ከዚያ የተሻለ እጅ የለማ። አንድ ቀን ከሻርፕ ቤት ከረባቱን የማይፈታው ሰውዬ ሳይታሰብ መጣ። እኔ በርጩማው ላይ ነበርኩ። ሰውዬው ገመዱ ላይ ሊደርቁ የተሰቀሉትን ሥዕሎች አየ። የእሱ መሪና የጠላቱ መሪ ጉንጭ ለጉንጭ ተጠጋግተው ቀለማቸውን ያደርቃሉ። ባለከረባቱ አልተቆጣም፤ አባዬን ወደ ደጅ ወስዶ በጣም ቀስ ብሎ አነጋገረው። በዚያው ሳምንት ከፊኛ ቤትም መነጽር ያደረገች ሴት መጥታ ጋሼን እንደዚያው ቀስ ብላ አነጋገረችው። ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ስላልነበረ እኔ ደህና ወሬ መሰለኝ።

ከዚያ ጠቡ መጣ።

ቀትር ላይ ነው፣ መንገዱ በሰው እንደተሞላ። አባዬና ጋሼ እየተጯጯሁ ከክፍሉ ወጡ። አባዬ አንድ የቀለም ቆርቆሮ አንስቶ በጋሼ እግር ሥር ወረወረው፤ ውስጡ የነበረው ጋሼ ሱሪ ላይ ተረጨ። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ሊገላግል የገባውን ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን አባዬ በክርኑ ገፈተረው።

"ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም" አለ አባዬ።

"መጀመሪያስ መቼ ነበረህ?" አለ ጋሼ።

እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆምኩ። ድንቢጥም በዚያኛው በኩል ይዛ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከቆርቆሮው የተደፋው ግራጫ ውሃ ነበር፤ የቡሩሽ እጣቢ። ቀለም በዚያን ጊዜ እንደ ወርቅ ነበር የሚታየው፤ አባዬ ሙሉውን ቆርቆሮ የሚወረውር ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ነገር ለመጠርጠር ግን ትንሽ ማደግ ያስፈልጋል።

በማግስቱ ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። ሁለቱም በየበኩላቸው ሆነው ሳንቃ በሳንቃ ላይ ሲመቱ ዋሉ። ጋሼ አንድ ሲመታ አባዬ አንድ ይመታል። እልህ የተጋቡ መሰለኝ። አሁን ግን አንድ ግድግዳ ከሁለት ወገን ሲመታ እንዲህ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመታው የተስማማ ሰው ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ግድግዳው አልቆ ሲያበቃ አባዬ ጥጉ ላይ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ አሮጌ ሸራ ሰቀለበት። ቀለሙ አልደረቀም፣ ማንም እንዳይነካው አለ። ያ ሸራ ዓመት ሙሉ ሳይደርቅ ቆየ።

ድንቢጥ ልብሷን በከረጢት ይዛ ወደ ማዶ ተሻገረች፤ ከክፍሉ ጀርባ ባለችው ጎጆ ከአባቷ ጋር መኖር ጀመረች። አልጋው ለእኔ ብቻ ሆነ። ማበጠሪያውም ለእኔ ብቻ ሆነ። ስመኘው የኖርኩትን ሁሉ በአንድ ቀን አገኘሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን መስኮቱ በእነሱ በኩል ቀረ። በርጩማውም በእነሱ በኩል ቀረ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ እሰማለሁ። "ቀጥ በይ" ይላል ጋሼ። "አገጭሽን ዝቅ። አትነቃነቂ አንቺ ልጅ።" በርጩማው ሲጢጥ ይላል። እነዚያ የእኔ ቃላት ነበሩ፤ ለእኔ ነበር የሚባሉት። ድንቢጥ ይህንን ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ስትጠባ ቦታዬን ልትወስድ ስታደባ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ጆሮዬን የበጠሰችውም ሆን ብላ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ደመደምኩ። ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ መሆኗ አላሳመነኝም።

ይህ አልበቃ ብሎ የእኛ ቤት ዳቦ መሳሳት ጀመረ። እናቴ ድሮ ዳቦ ስትቆርስ ቁራሹ ለመንከስ አፍ የሚያስከፍት ነበር። ከጠቡ በኋላ ግን እንደ ወረቀት ታሳሳው ጀመር። ጋሼ ሀብታችንን ሁሉ ይዞ ሄዷል፣ ድንቢጥ ማዶ ሆና ወፍራም ወፍራሙን ትበላለች ብዬ አሰብኩ።

የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባዬ ፊት መሣል ቻለ። የሻርፕ ቤትን ሰሌዳዎች ለብቻው ሠርቶ ያወጣል፤ ፊደሎቹ እንደ ድሮው ቀጥ ያሉ፣ ፊቶቹ ደግሞ የጋሼን የሚያስንቁ። ሲሥል አይቼው አላውቅም፤ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው የሚያልቀው። እልህ ያስተማረው ነው ብዬ አመንኩ። እኔ ራሴ በእልህ ምን ምን ላደርግ እንደምችል አውቅ ስለነበር አልገረመኝም። ማዶ ደግሞ የጋሼ ፊደሎች በአንድ ጊዜ ሰካራምነታቸውን ትተው ቀጥ ብለው መሄድ ጀመሩ። ድንቢጥ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አባቴ ፊደል ተማረ እያለች ታወራለች። እኔም አባቴ ፊት ተማረ እላለሁ። ሁለታችንም ሙሉ አባት አለን እያልን ነበር መሰለኝ።

የበዓላት ሰሞን ደረሰና ሁለቱም ቤቶች ትልልቅ ሥዕሎቻቸውን ሰቀሉ። እያንዳንዱ ሥዕል በብዙ ኮምፔርሳቶ፣ ማለትም በስስ የጣውላ ሰሌዳ፣ ተከፋፍሎ ተሠርቶ እዚያው አደባባዩ ላይ ይገጣጠማል። የሻርፕ ቤቱን መሪ ቀና ብዬ አየሁት። ከግራ ጆሮው ጫፍ ላይ ስንጥቅ አለ። የእኔ ጆሮ ነው፤ ቤት የሚያህል ሆኖ ከሰው ሁሉ በላይ የተሰቀለ። አባዬ ጋሼን ሊተካ ብቻ ሳይሆን እኔን ሊያስደስተኝ እንደሣለው ተሰማኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ ዞር ስል ከአደባባዩ ማዶ የፊኛ ቤቱ መሪ አለ። እሱም የግራ ጆሮው ስንጥቅ ነው።

እነዚያ ዓለምን በእሳት እንለበልባለን እየተባባሉ የሚዛዛቱ ሁለት ሰዎች በእኔ ጆሮ ነበር የሚሰሙት። ለእኔ ግን ፖለቲካ አልነበረም። ጋሼ በርጩማው ላይ እሷን አስቀምጦ እኔን ይሥላል ማለት ነው። ደስታዬ ልኩን አጣ። ድንቢጥ ሰማያዊ ፊኛዋን ይዛ ሥዕሉ ሥር ቆማ ነበር፤ ሮጬ ሄጄ ያ የእኔ ጆሮ ነው አልኳት።

"የእኔ ነው" አለች። "እኔ ነኝ የተቀመጥኩት። ወገቤ እስኪቆረጥ።"

"ታዲያ ያንቺ ጆሮ ስንጥቁ የታለ?"

"አባቴ ቢፈልግ ስንጥቅ መሣል ያቅተዋል?"

ፊኛዋን አፈነዳሁት። ፀጉሬን ያዘች። ሰው እየሳቀ ከበበን፤ እኛም ሁለቱም የእኔ ናቸው፣ የለም የእኔ ናቸው፣ እያልን በሁለቱ መሪዎች መካከል አፈር ላይ ተንከባለልን። እናቴ ከየት መጣች ሳይባል ሁለታችንንም በጥፊ አጮለችን። ከዚያ በፊት መትታን አታውቅም። እኔን በመጀመሪያ መታችኝ፤ ይህንን ለብዙ ዓመት ቆጥሬባታለሁ። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ጭንቅላቴን ከነጆሮዬ ጠመጠመችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ሻሽ ከቤት እንዳልወጣ ከለከለችኝ። ጆሮዬን ያፈረችበት መሰለኝ። ለድንቢጥ ሻሽ አልታሰረላትም፤ የእሷ ጆሮ ደህና ነዋ።

እናቴ ያን ቀን የተቆጣችው ስለ ተደባደብን አልነበረም። ባለከረባቱ እዚያው ደረጃው ላይ ቆሞ ሲጋራውን እያጨሰ ነበርና፣ ሁለት ልጆች የሁለቱም መሪዎች ጆሮ አንድ ነው ብለው በአደባባይ ሲጮሁ ሰማች። አባዬ በዚያ ሰሞን ጋሼን፣ በእናትህ ይህችን ጆሮ ለውጣት ብሎ ለምኖት እንደነበር የሰማሁት ግን ዘንድሮ ነው። ሞከረ አሉ። ድንቢጥን አስቀምጦ ጆሮዋን እያየ ይጀምራል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ እጁ በለመደው መንገድ ይሄድበታል።

ከዚያ ቀን ጎደለ። አንድ ጠዋት ሬዲዮኑ የመንግሥታችን ወዳጅ መቀየሩን ተናገረ። እስከ ትናንት ለሁለቱም ቤቶች ፈገግ ይል የነበረው መንግሥት የሻርፕ ቤትን ወንድም፣ የፊኛ ቤትን ጠላት አለው። የፊኛ ቤት በር ላይ ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች ቆሙ፤ ባለመነጽሯና ባልደረቦቿ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ከእነሱ ጋር የሠራ ሁሉ ሰላይ ነው ተባለ። ልብስ ሰፊው ለፊኛ ቤት መጋረጃ ሰፍቶ ነበርና አንድ ቀን ሱቁ ሳይከፈት ቀረ፤ ከዚያም አልተከፈተም። ቤታችን ውስጥ ሰው በሹክሹክታ ብቻ ማውራት ጀመረ። የጋሼ በር ቀን ሙሉ ዝግ ነው። እኔም በልቤ፣ ይበላት፣ ፊኛ ስታሳየኝ አልነበር እል ነበር። ይህን ስል ድንቢጥን ብቻ ነበር የማስበው፤ ጋሼ በዚያች "ይበላት" ውስጥ አልነበረም።

ለትልቁ ሰልፍ አባዬ የፊኛ ቤቱን መሪ ዳግም እንዲሠራ ታዘዘ፤ ቀንድና የውሻ ክራንቻ ያለው፣ አደባባይ ላይ የሚቃጠል። አባዬ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ ማንንም አላስገባም አለ። ምግብ ሳቀብለው እጁ ላይ ከጥቁር ቀለም በቀር ምንም እንደሌለ አየሁ። ጥቁር የፊደል ቀለም ነው።

በሰልፉ ቀን ያልወጣ ሰው አልነበረም። ቀዩን ሻርፕ ባንገቴ፣ የእናቴን ሻሽ በጆሮዬ አስሬ ከፊት ቆምኩ። ሥዕሉን ሲያቆሙት ሕዝቡ ጮኸ። ጥርሱ እንደ መጋዝ፣ ዓይኑ ደም የለበሰ፣ ቀንዱ የበሬ ነው። ከቀንዱ ሥር ጆሮዬ አለ። ከመቼውም ይልቅ ተጠንቅቆ የተሣለ ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለችው ቀይ ጥላ እንኳ አልቀረችም። የቀረው ፊት በጥድፊያ የተለቀለቀ ነው፤ ጆሮው ላይ ግን ሠዓሊው ጊዜ ወስዶበታል።

አባዬ ነው ብዬ አመንኩ። ሌላ ማንን ልመን? ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ጋሼን ስሰማ አይቶኛል፣ ከእሱ ይልቅ ወንድሙን እንደምወድ አውቋል፣ እናም ጆሮዬን ለሰይጣን ሰጠው አልኩ። እሳቱ ከታች ተያያዘ። አገጩን በላ፣ ጉንጩን በላ፣ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ቀለሙ አረፋ ደፍቆ ጠቆረ። በሻሹ ላይ ጆሮዬን ጨብጬ አለቀስኩ። አባዬን ቀና ብዬ ሳየው እሱም ያለቅሳል። ጭሱ ነው ብዬ ተውኩት። ነፋሱ ግን ጭሱን ወደ ማዶ ነበር የሚነዳው።

ወደ ቤት ስንመለስ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ አልነበረም። የከተማው ሰው ሁሉ፣ ጠብመንጃ የያዙትም ጭምር፣ አደባባይ ላይ እሳት ሲያዩ የፊኛ ቤት የመጨረሻው መኪና በባዶ መንገድ ወጥቶ ነበር። ጋሼና ድንቢጥ እሱ ላይ ነበሩ። ወሬው በመንደሩ ሲዳረስ፣ ወደ ፊኛዎቹ አገር ሄዱ ሲባል፣ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ጮህኩ። ሰው ናፍቆት መሰለውና አባበለኝ። ናፍቆት አልነበረም፤ ቅናት ነው። ድንቢጥ በርጩማዬን ወሰደች፣ አጎቴን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ፊኛ የሚመጣበትን አገር ጠቅልላ ወሰደች።

አባዬ ከዚያ ወዲያ ፊት ሥሎ አያውቅም። የሻርፕ ቤት ሲጠይቀው ዓይኔ ደከመ ብሎ ከገበያ መነጽር ገዝቶ አደረገ። እስኪሞት መፈክር ብቻ ጻፈ። እኔ ያንን ስንጥቅ ጆሮ እዚያ ላይ በመሣሉ ሕሊናው ነው እጁን የያዘው ብዬ፣ በልቤ ይቅር ሳልለው ብዙ ዓመት ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ ቆረስኩ። ከዚያ የሻርፕ ቤትም በተራው ተዘጋ። ሁለቱ ታላላቆች ፈገግ ብለው ሲጨባበጡ በቴሌቪዥን አየናቸው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ዝሆኖቹ ታርቀው ሣሩ እርስ በርሱ ተኳርፎ ሲቀር ግን የሚተረት ተረት አልሰማሁም። እኔና ድንቢጥ ሳንጻጻፍ፣ ሳንደዋወል አረጀን።

ባለፈው ዓመት ጋሼ እዚያው እንደሞተ ተሰማ። ዘንድሮ ድንቢጥ መጣች። ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ ክፍሉን ሳይፈርስ ልየው ብላ ነው የመጣችው፤ እኔን ልይ አላለችም። ፀጉሯ ሸብቷል፤ አሁንም በር ላይ ስትቆም የጣት ጥፍሯን ትነክሳለች። ሞቅ ያለ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጠን አፍራሾቹ የቀረውን ዕቃ ሲያወጡ ቆመን አየን።

አንደኛው አፍራሽ ያንን ጥጉ ላይ የተሰቀለውን ሸራ ጎትቶ ጣለው።

ከሸራው ጀርባ ግድግዳው ክፍት ነበር፤ በማዶም በኩል እንዲሁ ሌላ አሮጌ ሸራ ሸፍኖታል። በር አይደለም፤ ቁመቱ የአንድ ኮምፔርሳቶ ያህል፣ ስፋቱ ሁለት ጣት የማያስገባ ቀጭን ክፍተት ነው። የሳንቃዎቹ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ቀለም ተላክኮበታል። ቀይ በሰማያዊ ላይ፣ ሰማያዊ በቀይ ላይ፣ በየመካከሉ ጥቁር የፊደል ቀለም። ፊት ወደዚህ ሲመጣ፣ ፊደል ወደዚያ ሲሄድ የተነካካ ነው። ድንቢጥ ተጠግታ በጣቷ ዳበሰችው።

"ምነው?" አለች እናቴ ከወንበሯ። "አታውቁም ነበር እንዴ?"

ሁለታችንም ዞረን አየናት።

"ሁለቱም ቤቶች ለእኛ ብቻ ሥሩ ሲሏቸው የተጣሉ መሰሉ እንጂ መቼ ተጣሉ? ለልጆቹ አንንገር ያሉትስ እነሱ ናቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ብለው። ካደጋችሁ በኋላማ ታውቃላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ልጅ ምን ይሳነዋል?" ከዚያ ወደ ድንቢጥ ዞረች። "ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ የምታገኚው ዳቦ በየት የመጣ ይመስልሽ ነበር? በዚያች ቀዳዳ እንዲያልፍ ሳሳሳው ጣቴን ስንቴ ቆርጬዋለሁ።"

"አባቴ የገዛው ነበር የሚመስለኝ" አለች ድንቢጥ።

ያ የተቃጠለው ፊት የማን እጅ እንደነበር እናቴን መጠየቅ አላስፈለገኝም። አባዬ በሕይወቱ ፊት ሥሎ አያውቅም። ጋሼ ሊሄድ ሲል፣ እኔን ጠርቶ ሊሰናበተኝ ስለማይችል፣ በዚያ ክፍተት ያቀበለው የመጨረሻ ሥራው ነበር። ቀንዱንና ጥርሱን በጥድፊያ ጨርሶ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ጆሮዬ ላይ አጠፋው። አባዬ ደግሞ አደባባይ ቆሞ የወንድሙን የመጨረሻ ሥዕል ሲቃጠል አየ። እኔ እንኳን ላጽናናው፣ ለዓመታት ፊቴን አዞርኩበት፤ እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ።

በርጩማው በማዶ በኩል አሁንም መስኮቱ ሥር ነበር። ድንቢጥ አቧራውን በመዳፏ ጠርጋ አየችው፤ አልተቀመጠችም።

"እዚያም ፊት እየሣለ ነው የኖረው" አለች። "የሰው ሚስት፣ የሰው ባል፣ የሰው ልጅ። ደንበኞቹ ጆሮው ለምን ተቀደደ እያሉ ይጣሉት ነበር። ፊርማዬ ነው ይላቸዋል። የእኔን ልጆች ሣለልኝ፤ እነሱንም አልማራቸው። እድሜ ልኬን ፊቱ ተቀምጬ፣ እኔን እያየ ያንቺን ይሥላል። የእኔን ስም ሲጠራ ከሰማሁት ይልቅ ባለጆሮዋ ሲል የሰማሁት ይበልጣል። እንዴት እንደምጠላሽ ብታውቂ።"

እኔም እንደዚያው እንደነበርኩ ነገርኳት። በርጩማው ሲጢጥ ሲል ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ምን እንደምሆን ነገርኳት። እሷም፣ እኔ እዚያ በርጩማ ላይ ሆኜ እንዴት ደስ የማይለኝ እንደነበር ብታውቂ አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"እስቲ አሳዪኝ።"

ፀጉሬን ወደ ኋላ መለስኩት። ቀርባ አየችው፤ በጣቷ ጫፍ ስንጥቁን ነካችው።

"ይህን የሠራሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለች። "ባልጎትተው ኖሮ እንደማንኛውም ሰው ጆሮ ነበር። ግማሹ የእኔ ነው።"

"ሌላኛውን እንዳትጎትቺው ብቻ" አልኳት፤ እናቴ ከወንበሯ ሳቀች።

ያም ሆኖ ልቤ አልሞላም። ጆሮዬ በሁለት መሪዎች ራስ ላይ አደባባይ ተሰቅሎ ነበር፤ እሷ ግን ሰውየውን አግኝታለች። ሲያረጅ አይታዋለች፣ ሲታመም አስታማዋለች፣ እጁ ቡሩሽ አልይዝም ሲል እጁን የያዘችው እሷ ናት። ግማሹን ጆሮ ውሰጂ፣ በእሱ ፈንታ ግን ጋሼን ትነግሪኛለሽ፣ ከዚያ መኪና ጀምሮ አንድም ሳትደብቂ አልኳት። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። እሷ መስኮቱን ተደግፋ ጀመረች። በመኪናው ውስጥ ቀለም የነካ እጁን ከመቀመጫው ሥር ደብቆ እንደሄደ፣ ከተማውን ሲለቁ ወደ ኋላ ዞሮ ጭሱን እንዳየ ነገረችኝ። በእያንዳንዱ ቃል ቀናሁ፤ እንድታቆም ግን አልፈለግሁም።